ሁለቱ ገብስማዎች
መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት የአሜሪካ ዶሮዎች ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይላል ያገራችን ሰው። እኛ በስደት ያለነው ደግሞ ዶሮ ስናልም የሚታየን ወጡ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ስለ በርበሬው፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ዐሥራ ሁለቱ ብልት አንስተን እንጥላለን። ስለ ዶሮዋ ግን፣ ከመታረዷ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ማንም አያነሳም። አይፈረድብንም። ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ተጠቅልላ የምትመጣ ዶሮ መልክ የላትም፤ ላባዋ ሌላ ቦታ ቀርቷል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሳው መልካቸው እጅግ ስለሚመሳሰል ሁለት የአሜሪካ ዶሮዎች ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሊለያቸው ያልቻለ፣ በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩ ዶሮዎች ናቸው። አንደኛው አሜሪካንን ከዳር እስከ ዳር ሞላ። ሌላኛው ከምድረ ገጽ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። የለያቸው ነገር ቢኖር አናት ላይ የበቀለች ቁራጭ ሥጋና አንድ ማኅበር ያሳለፈው ውሳኔ ነው። «ይህ ለኢትዮጵያዊ ምኑ ነው?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠን።

ገብስማ ስንል

ገብስማ የሚለውን ቃል ማስረዳት አያሻም። ጥቁሩና ነጩ ተቀላቅሎ የሸበተ ፀጉር ገብስማ ይባላል። ጥቁርና ነጭ ላባ ተደባልቆባት ከሩቅ ስትታይ አመድ የምትመስል ዶሮም ገብስማ ናት። ቋንቋችን ለእንዲህ ያለው ነገር ድንቅ ብልሃት አለው፤ ከቃሉ መጨረሻ ላይ «ማ» ይጨምርና መልኩን ከሚመስለው ነገር ጋር ያዛምደዋል። ከገብስ ገብስማ፣ ከዛጎል ዛጎልማ፣ ከአመድ አመድማ ይወጣል። በአንድ ፊደል ሙሉ ሥዕል ይሣላል ማለት ነው።

አሁን የምንናገርላቸው ሁለቱ የአሜሪካ ዶሮዎች አንዱ ዶሚኒክ፣ ሌላው ፕሊመዝ ሮክ ይባላሉ። ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩዋቸው ግራጫ ናቸው። ቀረብ ብሎ ላባቸውን ለተመለከተ ግን እያንዳንዱ ላባ ላይ ጥቁርና ነጭ አግድም መስመር እየተፈራረቀ ይታያል። የሁለቱም እግር ቢጫ ነው። ያገራችን ባላገር ቢያያቸው ሁለቱንም «ገብስማ» ብሎ ያልፋቸው ነበር። የአሜሪካ ባላገርም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በተለይ በደቡብ ክፍለ ሀገራት መስመር ያለባትን ዶሮ ሁሉ፣ ዘሯን ሳይጠይቅ፣ «ዶሚኒከር» እያለ ይጠራ ነበር።

የባላገሯ ዶሮና የዶሮ ትኩሳት

ዶሚኒክ የአሜሪካ የመጀመሪያዋ ዝርያ ናት እየተባለ ይነገርላታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምሥራቅ አሜሪካ የገበሬ ጓሮዎች የተለመደች ነበረች። እርሷን ብሎ ያዳቀላት ሊቅ ወይም ባለሀብት የለም። ጭራ የምትበላ፣ ብርድ የምትችል፣ እንቁላል የማትነፍግ፣ ላባዋም ለትራስና ለፍራሽ የሚሆን ስለነበረ ነው ገበሬው የያዛት። መስመራማው ላባዋ ከቅጠሉና ከጥላው ጋር እየተመሳሰለ ከጭልፊት ይሸሽጋታል ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ «የዶሮ ትኩሳት» የተባለው ዘመን መጣ። በኅዳር 1849 እ.ኤ.አ. ቦስተን ከተማ መናፈሻ ውስጥ የአሜሪካ የመጀመሪያው ትልቅ የዶሮ ትርኢት ተከፈተ። ከ10,000 ሰው በላይ ሊያይ ጎረፈ። ከቻይናና ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ የመጡ ግዙፍ ዶሮዎች ሰውን አሳበዱት። ገንዘብ ያለው ሁሉ ለአንድ ጥንድ ዶሮ የማይታመን ዋጋ ይከፍል ጀመር። በዚህ ንግድ ከከበሩት አንዱ ጆርጅ በርነም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ሳይቀር ዶሮ በስጦታ ልኮ ስሙን አስጠራ። በ1855 ደግሞ የራሱን ደንበኞች ሞኝነት እየሳቀ የሚተርክ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» የሚለው ተረት በዚህ ጊዜ ስለ ዶሮዋ ሳይሆን ስለ ገዢው የተነገረ ይመስላል።

ትኩሳቱ ሲበርድ ሁለት ነገር ትቶ ሄደ። አንደኛው የምሥራቅ ደም ነው። ሁለተኛው፣ ዶሮ በመልኩና በቅርጹ ይዳኛል፣ ዳኝነቱም የተጻፈ ደንብ ይፈልጋል የሚለው ሐሳብ ነው።

የአናት ሥጋ የወሰነው ዕጣ

በ1869 በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ዉስተር በምትባል ከተማ በተደረገ ትርኢት ላይ ፕሊመዝ ሮክ የተባለ ገብስማ ዶሮ ቀረበ። ስሙ አዲስ አልነበረም፤ በ1849ኙ የቦስተን ትርኢት ላይ ሌላ ዶሮ በዚሁ ስም ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ያ ዘር ብዙም ሳይቆይ ጠፍቷል። የ1869ኙ አባቱ ዶሚኒክ ነው። ጃቫ ወይም ኮቺን ከሚባሉት ጥቋቁርና ከባድ ሴት ዶሮዎች ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ስለዚህ መስመሩን ከአባቱ፣ ግዝፈቱን ከእናቱ ወረሰ።

ችግሩ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ዶሚኒክ የተባሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አናት አልነበራቸውም። ገሚሶቹ አናታቸው ላይ የሚበቅለው ቀይ ሥጋ እንደ መጋዝ ጥርስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጠላ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ ወፍራም ሆኖ የተኛ፣ ላዩ ፍሬ ፍሬ ያለበት፣ ወደ ኋላ በሹል ጫፍ የሚያልቅ ድርብ ነበራቸው። ገበሬው ለዚህ ልዩነት ደንታ አልነበረውም። እንቁላሉ ያው፣ ወጡም ያው ነው።

የትርኢት ዳኞች ግን ግድ ነበራቸው። በ1870 ገደማ የኒውዮርክ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ጉዳዩን አንሥቶ ወሰነ፤ ዶሚኒክ ተብሎ ሊቀርብ የሚችለው ባለ ድርቡ ብቻ ነው አለ። ታዲያ ባለ ነጠላዎቹ ወዴት ይሂዱ? ወደ አዲሱ ፕሊመዝ ሮክ ተደባለቁ። ትናንት ዶሚኒክ የነበረ ዶሮ በአንድ ቃለ ጉባኤ ስሙ ተለወጠ። በዚህም ዶሚኒክ በርካታ ዘመዶቿን በአንድ ጊዜ አጣች፤ ፕሊመዝ ሮክ ደግሞ ሳይደክም ሠራዊት አገኘ።

በ1873 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በበፋሎ ከተማ የአሜሪካ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ተመሠረተ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1874፣ የመጀመሪያውን የመለኪያ መጽሐፍ አወጣ። ሁለቱም ገብስማዎች በየስማቸው ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ «ይመሳሰላሉ» ማለት ለባላገር እንጂ ለዳኛ አይፈቀድም።

እንዴት ይለያሉ?

አንባቢ ከገበሬ ቤት ወይም ከዶሮ ትርኢት ቢገኝ ሁለቱን ለመለየት የሚከተለውን ይመልከት።

አንደኛ፣ አናቱን ይይ። ድርብ ከሆነ ዶሚኒክ፣ እንደ መጋዝ የቆመ ነጠላ ከሆነ ፕሊመዝ ሮክ ነው። ድርቡ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቆመው ነጠላ ሥጋ በውርጭ ሲበላ የተኛው ድርብ ብርዱን ይቋቋማል።

ሁለተኛ፣ ላባውን ገለጥ አድርጎ ይይ። የፕሊመዝ ሮክ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል፤ ጥቁሩና ነጩ ስፋታቸው እኩል፣ ድንበራቸው የተለየ፣ አካሄዳቸው ቀጥ ያለ ነው። የዶሚኒክ መስመር ግን ሳሳ ብሎ ይጎብጣል፣ ከላባ ላባም በትክክል አይገጥምም። ስለዚህ ፕሊመዝ ሮክ ከሩቅ ጥርት ያለ ሰማያዊ ግራጫ ሲመስል ዶሚኒክ የደበዘዘ ጭስ ትመስላለች።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን በእጅ ይመዝን። በመለኪያው መጽሐፍ መሠረት የፕሊመዝ ሮክ አውራ 9 ፓውንድ ተኩል፣ ማለትም 4.3 ኪሎ ያህል፣ ሴቷ 7 ፓውንድ ተኩል ትመዝናለች። የዶሚኒክ አውራ 7፣ ሴቷ 5 ፓውንድ ብቻ ናቸው። ቅርጫት አንሥቶ ዶሮ የገዛ ያገራችን ሰው ይህን ልዩነት ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል።

ጠቆር ያለችው ሴት፣ ነጣ ያለው አውራ

በአንድ ዝርያ ውስጥም ሌላ ግራ የሚያጋባ ነገር ነበር። ከአንድ እናትና አባት የተፈለፈሉ ገብስማዎች ሲያድጉ አውራው ነጣ፣ ሴቷ ጠቆር ይላሉ። የትርኢት ዳኞች ደግሞ አውራና ሴቷ አንድ ዓይነት መልክ ይዘው እንዲቀርቡ ይፈልጉ ነበር። አርቢዎቹ ለዚህ ሲሉ ሁለት የተለያዩ መንጋዎች ለመያዝ ተገደዱ፤ አንዱ ሽልማት የሚያገኝ አውራ የሚወጣበት፣ ሌላው ሽልማት የምታገኝ ቄብ የምትወጣበት። በአንድ ስም የሚጠራ አንድ ዝርያ፣ ለዳኛ ዓይን ሲባል ብቻ፣ ለሁለት ተከፍሎ ኖረ።

ምሥጢሩ የተፈታው በ1908 ነው። ዊሊያም ስፒልማን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ይህ መስመር የሚወረሰው ከጾታ ጋር ተያይዞ መሆኑን አመለከተ። በሰው ልጅ ሁለት ዓይነት የጾታ ክሮሞዞም የያዘው ወንዱ ነው፤ በዶሮ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ሁለት ዓይነት የምትይዘው ሴቷ ናት። መስመር የሚያወጣው ጂን ያለበትን ክሮሞዞም አውራው ሁለት ጊዜ፣ ሴቷ አንድ ጊዜ ይወርሱታል። ጂኑ የሚሠራው ላባው ሲያድግ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች በየተራ እያቋረጠ ነው፤ ቀለሙ ሲቋረጥ ነጭ፣ ሲመለስ ጥቁር መስመር ይወጣል። ዕጥፍ የወረሰው አውራ ነጩ ይሰፋበታል። በ2010 ደግሞ ተመራማሪዎች የትኛው ጂን እንደሆነ በስሙ ለይተው አሳወቁ። የፕሊመዝ ሮክ መስመር ጥርት የማለቱም ነገር ላባው ቀስ ብሎ ከማደጉ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ዕውቀት የጓሮውን ሥራ ለወጠው። ገብስማ ጫጩት ስትፈለፈል ጥቁር ሆና አናቷ ላይ ነጭ ነጥብ አላት። የወንዱ ነጥብ ሰፋ ብሎ የተበተነ፣ የሴቷ ጠበብ ያለ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ቀይ አውራ ከገብስማ ሴት ጋር ሲዳቀል ወንዶቹ ጫጩቶች ብቻ ነጭ ነጥብ ይዘው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ ጥቁር ናቸው። እንቁላል ፈላጊ ገበሬ ገና በመጀመሪያው ቀን ሴቶቹን ለይቶ ማስቀረት ቻለ። ትናንት ለጌጥ ሲባል ሲያጨቃጭቅ የነበረው መልክ ዛሬ እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

አሸናፊውም ተሸነፈ

ፕሊመዝ ሮክ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአሜሪካ እጅግ ከተሠራጩት ዝርያዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። ሥጋም እንቁላልም ይሰጣል፣ ተቆጥቶ ሰው አያስቸግርም። ከጦርነቱ በኋላ ግን ዶሮ ርባታ ከጓሮ ወጥቶ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካ ደግሞ ገብስማ አይወድም። ጥቁር ላባ ሲነጭ ሥሩ ቆዳ ውስጥ እየቀረ ነቁጥ ይታያል፤ ነጭ ላባ ግን ምልክት አይተውም። ስለዚህ የተመረጠው ነጩ ፕሊመዝ ሮክ ሆነና ኮርኒሽ ከሚባለው ደረተ ሰፊ ዶሮ ጋር ተዳቀለ። ዛሬ ከሱፐርማርኬት ገዝተን የምንዘፈዝፋት ዶሮ የዚህ ጋብቻ ዘር ናት። መልክ የላትም ያልነው በከንቱ አይደለም፤ መልኳ ታስቦበት የጠፋ ነው።

ዶሚኒክስ? እርሷን የጎዳት ቀደም ብሎ ነው። ትንሽ ናት፣ ስሟም ከዘመዶቿ ግማሽ ጋር ተወስዶባታል። በ1970 በአሜሪካ ምድር የቀሩት የታወቁ የዶሚኒክ መንጋዎች አራት ብቻ ነበሩ። ያተረፏት ሰዎች ባለሀብቶች አልነበሩም፤ የያዙትን ያለቀቁ ጥቂት አርቢዎች ናቸው። በ1973 የዶሚኒክ ወዳጆች ማኅበር አቋቋሙ፣ እንቁላልና ጫጩት እየተከፋፈሉ ዘሯን አበዙ። መጥፋት አፋፍ ላይ የነበረችው ዶሮ ዛሬ በብዙ ጓሮ ትታያለች። ሲፈልጓት ሊያገኟት የቻሉት ግን አንድም በእጃቸው ስለነበረች፣ ሁለትም መጽሐፉ ላይ ስሟና መልኳ ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው።

የእኛስ?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በትግራይ መዝብር በተባለ ከአክሱም ዘመን በፊት የነበረ መንደር ውስጥ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባሉት ዓመታት ውስጥ እንደሚገኙ በምርመራ ተረጋግጧል። ጥናቱ ሲወጣ በአፍሪካ ከታወቁት የዶሮ አጥንቶች ሁሉ የቀደሙት እነዚህ ነበሩ። በግዕዝ ዶርሆ፣ በትግርኛ ደርሆ፣ በአማርኛ ዶሮ እያልን ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ አብረናት ኖረናል ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ዶሮን የምንለየው በመልኳ ነው። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፣ ዛጎልማ፣ ወሰራ እንላለን፤ አንገቷ ላባ የሌላትን መላጣ፣ አናቷ ላይ ላባ የቆመላትን ጉትዬ እንላለን። ይህም ቀልድ አልነበረም። ለዛር ወይም ለቆሌ ተብሎ የሚታዘዘው ዶሮ መልኩ ተለይቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ይህን ልማድ በማስታወሻው አስፍሯል። ቤተ ክርስቲያን ብታወግዘውም ገበያው ያውቀው ነበር። በየክፍለ ሀገሩ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ለወጥ በሚገዛውም ዶሮ ቢሆን የላባው መልክና የአናቱ ሥጋ ዋጋ ይለውጣል፤ ባለ ድርቡ ከባለ ነጠላው ይመረጣል፣ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይሸጣል። የኒውዮርክ ዳኞችና የገጠር እናቶቻችን ሳይተዋወቁ አንድ ቦታ ላይ ዓይናቸው አርፏል።

ይሁንና ትልቅ ልዩነት አለ። እነዚያ ሁለቱ የአሜሪካ ዶሮዎች መልካቸው አንድ፣ ዘራቸው ሁለት ነው። የእኛ ደግሞ ዘሩ አንድ፣ መልኩ ብዙ ነው፤ ከአንዲት ገብስማ እናት ሥር ቀይም ነጭም ወሰራም ይፈለፈላል። ስለዚህ ገብስማ የዝርያ ስም አይደለም። ሳይንቲስቶች ያገራችንን ዶሮ ለመለየት ሲነሡ ሆሮ፣ ጃርሶ፣ ጥሊሊ፣ ቴፒ እያሉ በቦታው ስም የጠሩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሥራ የተጀመረው ግን ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ ሌግሆርን፣ አውስትራሎርፕ የተባሉ የውጭ ዶሮዎች ገቡ። እያንዳንዳቸው ስማቸው፣ መልካቸውና ክብደታቸው በመጽሐፍ ተጽፎ ነው የመጡት። የእኛዎቹ ግን በአንድ ቃል «ያገር ዶሮ» ተብለው ታለፉ። ስም ያለው ከስም የለሹ ጋር ሲወዳደር ማን እንደሚረታ ከዶሚኒክ ታሪክ አይተናል። «ያገር ዶሮ እንቁላሏ ትንሽ ነው፣ ትተካ» ማለት ቀላል ነው። የትኛዋ? ከየት? በሽታ የቻለችው፣ ከጭልፊት ያመለጠችው፣ ጭራ ጫጩቶቿን ያሳደገችው የትኛዋ ናት? ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ለይቶ መጥራት ያስፈልጋል። በ2008 በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የሆሮን ዶሮ መርጦ የማሻሻል ሥራ ሲጀመር፣ ያገራችን ዶሮ በስሟ ተጠርታ መሥራት እንደምትችል ታይቷል። እሰየው የሚያሰኝ ነው።

ለአንባብያን

እዚህ ያለን ሰዎች ዶሮ ልናረባ አንችልም ይሆናል። አንድ ነገር ግን በእጃችን አለ፤ ስሞቹ። ገብስማ ከአመድማ እንዴት ይለያል? ዛጎልማ የሚባለው ነጥቡ ምን ያህል ሲሆን ነው? ወሰራ ለአውራው ብቻ ነው ወይስ ለሴቷም? የጎጃም ሰው፣ የወሎ ሰውና የሸዋ ሰው አንዷን ዶሮ አቁመው ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ይሆናል? ይህን በደንብ የሚያውቁት ገበያ ወጥተው፣ ክንፍ ገልጠው፣ ደረት ዳብሰው የገዙ እናቶቻችን ናቸው። ብዙዎቹ ዛሬ በዚሁ በስደት ከእኛ ጋር አሉ፤ ሳሎን ተቀምጠው የልጅ ልጅ ይጠብቃሉ። ልጆቹ ደግሞ «ቺክን» ከሚለው ሌላ ለዶሮ ስም አልሰሙም።

በሚቀጥለው በዓል ሽንኩርቱ ሲቁላላ አንዳችሁ ወረቀትና እርሳስ ያዙና «እማማ፣ ስንት ዓይነት ዶሮ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚነገራችሁን ከነመንደሩ ስም ጻፉ። አራት መንጋ ብቻ ቀርቶ ዶሚኒክ የተረፈችው፣ የሚያውቃት ሰው ገና በሕይወት ሳለ የሚጠይቅ በመገኘቱ ነው።

ቸር ያሰንብተን።